ከሦስት በታች

ኖቬምበር 12፣ ማክሰኞ

ዝናቡ ገባ። ሳምንት ሳይሞላው የቢሮው ግድግዳ ከወለሉ ጀምሮ ሻጋታ አወጣ። ጫማዬን በር ላይ አውልቄ ስገባ ካልሲዬ ራሰ፤ ያራሰው ደግሞ የሰማይ ውሃ አይደለም፣ ባሕሩ ሞልቶ በቦዩ በኩል የመለሰው ጥቁር ውሃ ነው። ሽታውን ሳሙና አያስለቅቀውም። እዚህ የወደብ ከተማ ሰማራንግ ተወልጄ አርባ አንድ ዓመት ኖሬበት ዛሬም ይቀፈኛል። ሰው ሁሉን ይለምዳል የሚሉት ውሸት ነው።

ይህን ደብተር ያስገዛኝ የጨጓራ ሐኪሜ ነው። "የበላኸውንና ያናደደህን በየቀኑ ጻፍ" አለኝ። እሺ። የበላሁት፦ ሩዝና የተጠበሰ የአኩሪ አተር ቶፉ፣ ሦስት ቀን በተመላለሰ ዘይት። ያናደደኝ፦ ፓክ ሃርዮኖ።

ፓክ ሃርዮኖ አለቃችን ነው፤ አቶ እንደማለት ፓክ የምለው ለወጉ ነው። በአንድ ስብሰባ ሦስት ጊዜ "እኛ ቤተሰብ ነን" ይላል፤ ቤተሰብ የምንሆነው ሥራ ሊጨምርብን ሲል ብቻ ነው። ዛሬ የጨመረው ካርታ ነው። የጎርፍ ማስጠንቀቂያ የምንሠራለት የፓምፕ ማኅበር አባላት የውሃውን ከፍታ በቁጥር ብቻ ሳይሆን በካርታ ላይ በቀለም እንዲያዩ ይፈልጋል። እስከ ገና ይደርሳል ብሎ ቃል ገብቶላቸዋል፤ እኛን ሳይጠይቅ።

ኖቬምበር 17፣ እሑድ

ሐኪሙ ቢያነበው እንዲገባው ሥራዬን ልጻፍ። ታምባክ ዎሮ በሚባለው ሰፈር ድልድይ ሥር አንድ መለኪያ ተንጠልጥሏል። ወደ ታች እያየ ከራሱ እስከ ውሃው ያለውን ክፍተት ይለካል። ያንን ክፍተት ከድልድዩ ቁመት ላይ ቀንሶ የውሃውን ከፍታ የሚያወጣልን ሌሎች ሰዎች ሠርተው በነጻ ያሰራጩት የኮድ ጥቅል ነው። ውሃው ከመቶ ሃምሳ ሴንቲ ሜትር ሲያልፍ የእኛ ፕሮግራም የሰፈሩን ስልክ ሁሉ ያስጮኻል።

ከእኛ በፊት ይህን ሥራ የሚሠሩት የሰፈሩ ሹም ፓክ ስላመት ነበሩ። ቦዩ ውስጥ ቀይና ነጭ የተቀባ እንጨት ተክለው፣ በዓይናቸው እያዩ፣ በመስጊዱ ድምፅ ማጉያ "ውሃ መጣ፣ ዕቃ አንሡ!" ይሉ ነበር። ሥራውን ለመውሰድ ማኅበሩ ፊት ስንቀርብ ፓክ ሃርዮኖ የእንጨቱን ፎቶ አሳየና ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም ስቄአለሁ። ፓክ ስላመት የፊተኛው ወንበር ላይ ተቀምጠው ነበር።

ያቲ፣ እኛ በአክብሮት ቡ ያቲ የምንላቸው ባልደረባችን፣ ያን ቀን አልሳቁም። ሃምሳ ሦስት ዓመታቸው ነው። ሃያ ዓመት በፓምፕ ቤት የውሃ ልክ ሲያነቡ ኖረው ኮድ መጻፍ እኛ ዘንድ ተማሩ። ታምባክ ዎሮ ተወልደው እዚያው ከእናታቸው ጋር ይኖራሉ። የነገርኳቸውን ሁሉ ባለ ካሬ መስመር ደብተር ላይ ይጽፋሉ፤ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የተናገረውን ሰው ስም ጭምር። እኛ ዘንድ ከገቡ ሦስት ዓመት ሞላቸው፤ ግን ቋሚ አልሆኑም፣ በየስድስት ወሩ የሙከራ ውል ይታደስላቸዋል። ጃንዋሪ ላይ ቋሚ እንደሚሆኑ ፓክ ሃርዮኖ ምሎ ተገዝቷል።

ፊት ለፊቴ የሚቀመጠው ጊላንግ "ቡ ያቲ እኮ ገና ቤታ ናቸው" እያለ ይቀልዳል። ቤታ የሙከራ እትም ነው። ሠሪዎቹ ራሳቸው ገና ላላመኑበት እትም ከቁጥሩ ጭራ ላይ ቤታ የሚል ይለጥፉበታል። ቡ ያቲ ይስቃሉ። ከልባቸው ይሁን አይሁን ጠይቄ አላውቅም።

የበላሁት፦ የዓሣ ሾርባ። ሸተተኝ፣ ግን በላሁት።

ዲሴምበር 3፣ ማክሰኞ

ካርታው አልደረሰም። የበላሁት፦ ቆሜ፣ ምን እንደሆነ ሳላይ። ያናደደኝ፦ የመጸዳጃው ቦይ ወደ ኋላ መለሰና ፓክ ሃርዮኖ "ዝናብ ነው፣ የእግዚአብሔር ሥራ ነው" አለ።

ዲሴምበር 10፣ ማክሰኞ

ለካርታው የሚያስፈልገን ጥቅል የወጣው በቤታ ብቻ ሆነ። ጥቅሎችን እየመረጠ የሚያመጣልን ጫኚ ፕሮግራም ደግሞ ጨዋ ነው፤ ካልፈቀዱለት ቤታ የሚባል ነገር በእጁ አይነካም። "የሚስማማ እትም አላገኘሁም" እያለ ቀኑን ሙሉ አደረቀን። ፓክ ሃርዮኖ ከኋላዬ ቆሞ የሙዝ ጥብስ ያኝካል፤ ፍርፋሪው ትከሻዬ ላይ ይረግፋል።

ቡ ያቲ ደብተራቸውን ደረታቸው ላይ አቅፈው መጡ። ማስ የሚሉኝ እንደ ወንድም ነው።

"ማስ ባስኮሮ፣ የሙከራ እትም ይግባ የሚለውን ቁልፍ ለካርታው ብቻ ልክፈተው ወይስ ለሁሉም?"

"ለካርታው ብቻ ካሉ ስንት መስመር ሊጽፉ ነው። ለሁሉም ይክፈቱትና ይገላግሉን።"

"የመለኪያው ጥቅልስ? የሦስተኛው እትም ቤታ ወጥቷል ሲሉ አይቻለሁ። እሱም አብሮ አይገባብንም?"

"እሱን እኔ አጥሬዋለሁ። ከ3.0.0 በታች ብዬ ጽፌበታለሁ።"

"የሦስት ቤታ ግን ከሦስት በታች ነው የሚቆጠር ወይስ ከሦስት ጋር?"

"ቡ ያቲ! ከሦስት በታች ማለት ከሦስት በታች ነው። ስንት ጊዜ ልንገርዎት?"

ስንት ጊዜ አልኳቸው። የጠየቁኝ ገና የመጀመሪያ ጊዜያቸው ነበር። ጊላንግ ሳቀ። እሳቸው ሰዓታቸውን አዩና ጻፉ። ለውጡን ሠርተው ሲልኩልኝ "አይቻለሁ፣ ይለፍ" ብዬ አሳለፍኩት። ጨጓራዬ እየነደደ ስለነበር አላየሁትም።

ዲሴምበር 12፣ ሐሙስ

ለቀቅነው። ካርታው ያምራል፤ ፓክ ሃርዮኖ ፎቶ አንሥቶ ለማኅበሩ ላከ። የድልድዩ ቁጥር ከመቶ አሥር ወደ መቶ አርባ ዘለለ። ማዕበል ይሆናል ብዬ ተውኩት።

አመሻሽ ላይ ስልኮቹ ጮኹ። የታምባክ ዎሮ ሰው ዕቃውን ተሸክሞ ወጣ፤ ቦዩ ግን ጎድሎ ጭቃው ይታያል። ፓክ ስላመት ደወሉ።

"ማስ፣ ሶፋችንን ተሸክመን የወጣነው ለጭቃ ነው እንዴ?"

"መለኪያው ላይ ሸረሪት ድር አድርታበት ይሆናል፣ ፓክ። ሰኞ ሰው ልኬ አስጠርገዋለሁ።"

"ሸረሪት" አሉና ዘጉት።

ዲሴምበር 13፣ ዓርብ

ባሕሩ በጁምዓ ሶላት ሰዓት ግድቡን አለፈ። አንድም ስልክ አልጮኸም።

ቁጥሩ፦ 140። 110። 80። 50። ካርታው አረንጓዴ። ውሃው እየወረደ ነው ይላል።

እየወጣ ነበር።

የቡ ያቲ እናት።

አልበላሁም።

ዲሴምበር 14፣ ቅዳሜ

ሰፈሩ ሁሉ እንደ አያቱ ምባህ ሱኪነም የሚላቸው የቡ ያቲ እናት ሰባ ዘጠኝ ዓመታቸው ነው። ጆሯቸው ከብዷል። ትናንት ቦዩ ሲያጉረመርም በእግራቸው ሥር ተሰምቷቸው ልብሳቸውን በጨርቅ ቋጥረው ወደ ጎረቤት ሰገነት ሊወጡ ተነሥተው ነበር። ቡ ያቲ ከእኔ ሁለት ጠረጴዛ አልፈው ተቀምጠው ስልክ ላይ ሲጮኹ ሰምቻለሁ። "እማዬ፣ የትም አይሂዱ! እዚህ እያየሁት ነው፤ ውሃው እየወረደ ነው!" አሉ። እናትየው ቋጠሯቸውን ፈቱ። ውሃው በኋላ በር ገባ፣ ማድ ቤት ውስጥ አዳለጣቸውና ዳሌያቸው ተሰበረ። ጎረቤት ያገኛቸው ከአንድ ሰዓት በኋላ ነው፤ ጥቁሩ ውሃ ደረታቸው ላይ ደርሶ የቁም ሣጥኑን እግር ይዘው ተቀምጠው።

ሆስፒታል አልሄድኩም። ኮምፒዩተሬን ከፈትኩ። ምክንያቱን ለማግኘት አርባ ደቂቃ አልፈጀብኝም።

በእትም ቁጥር ሥርዓት ሙከራው ከዋናው ይቀድማል። የሚቀድም ደግሞ ከበታች ነው። ስለዚህ የሦስት ቤታ ከሦስት በታች ነው። የእኔ አጥር "ከሦስት በታች ያለ ይግባ" ሲል የሦስትን ቤታ እጁን ይዞ አስገባው። ቁልፉ ተዘግቶ ሳለ ጫኚው ቤታ ስለማይነካ ስህተቱ ሁለት ዓመት ተኝቶ ኖሯል። ቁልፉ ሲከፈት ከአጥሩ በታች ካሉት ሁሉ ከፍተኛውን መረጠ፤ እሱም 3.0.0-ቤታ.4 ነው። በዚያ እትም ሠሪዎቹ መቀነሱን ትተው ክፍተቱን እንዳለ መስጠት ጀምረዋል። ውሃው ሲወጣ ክፍተቱ ይጠባል፣ ቁጥሩ ይወርዳል። ሐሙስ የጮኸውም ቦዩ ስለጎደለ ነው። ይህን በመግለጫቸው ሁለተኛው መስመር ላይ ጽፈውታል። ማንም አላነበበውም። ማለቴ እኔ አላነበብኩትም።

ማጠር የነበረብኝ "ከ3.0.0-0 በታች" ብዬ ነው፤ እሱ ከመጀመሪያው ሙከራም በታች ማለት ነው። የጎደለው አንድ ሰረዝና አንድ ዜሮ ነው።

ቁልፉን ግን የከፈተችው እሷ ናት። በለውጡ መዝገብ ላይ ያለው የሷ ስም ነው።

ዲሴምበር 16፣ ሰኞ

ቅዳሜ የጻፍኩትን አነበብኩ። "እሷ" ብያለሁ። ስለ ቡ ያቲ እንዲያ ብዬ ጽፌ አላውቅም፤ እንዲያ የምጽፈው ስለ ሃርዮኖ ነው።

ስብሰባው። ፓክ ሃርዮኖ ብዕሩን ጠረጴዛው ላይ እየቀጠቀጠ "ምክንያት አልፈልግም፣ ስም ነው የምፈልገው፤ ማኅበሩ ደብዳቤ እየጠበቀ ነው" አለ። "የሙከራ እትም የሚያስገባው ቁልፍ ተከፍቶ ነበር" አልኩ። "ማን ከፈተው?" አለ። ኮምፒዩተሬን አዞርኩለትና ራሱ አነበበ። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን የሚባለው እንዲህ ነው።

በዚያው ሰዓት ቡ ያቲ ከሆስፒታል ገቡ፤ ነጠላ ጫማቸው ውሃ ይተፋል፣ ቀሚሳቸው ጫፉ ላይ ጭቃ ደርቆበታል።

"እኔ ነኝ የከፈትኩት" አሉ ሳይጠየቁ።

"ይክፈቱ ያለዎት ሰው ነበር?" አለ ሃርዮኖ፣ ጣራ ጣራ እያየ።

ቡ ያቲ ወደ እኔ አዩ። ብዙ አልቆዩም።

"የከፈተው የኔ እጅ ነው" አሉ።

ስለ ቁልፉ ሲጠይቁኝ ምን እንዳልኳቸው በትክክል አላስታውስም። ሰው በቀን ስንት ነገር ይናገራል። የበላሁት፦ ሻይ ብቻ።

ዲሴምበር 19፣ ሐሙስ

ደብዳቤው ወጣ። "በአንዲት የሙከራ ሠራተኛ ጥንቃቄ ጉድለት" ይላል። ከሥሩ ቡ ያቲ በራሳቸው ብዕር ፈረሙ። ሃርዮኖ እጁን ትከሻቸው ላይ ጣል አድርጎ "አይዞዎት፣ እኛ ቤተሰብ ነን" አለ። ያ ወፍራም እጁ። የኔም እጅ ግን ከጠረጴዛው ሥር ነበር፤ ማንም አላየውም እንጂ ከሱ እጅ ምንም አይሻልም።

ዲሴምበር 24፣ ማክሰኞ

ምሳ ላይ ጊላንግ ማንኪያውን አስቀመጠ።

"ማስ፣ የለውጡን መዝገብ እስከ ታች አንብቤዋለሁ። 'አይቻለሁ፣ ይለፍ' የሚል አለ።"

"እና?"

"እና ምንም። ሁለት ልጅ አለኝ፣ ሥራዬን እፈልጋታለሁ፤ አፌን አልከፍትም። ቡ ያቲ የጠየቁህ ቀንም ስቄአለሁ፣ ስለዚህ ንጹሕ አይደለሁም። ብቻ ከዛሬ ጀምሮ አጠገቤ ተቀምጠህ አትብላ።"

ሳህኔን ይዤ ተነሣሁ። ሻጋታው ከተነሣበት ግድግዳ አጠገብ ባዶ ወንበር አለ።

ጃንዋሪ 3፣ ዓርብ

የቡ ያቲ ውል ዲሴምበር ላይ አልቋል፤ አልታደሰም። ቋሚ የሚሆኑበት ወር ይህ ነበር። ዕቃቸውን ሊወስዱ መጡ፦ አንድ የብረት ኩባያ፣ አንድ ሹራብ፣ ሰባት ባለ ካሬ ደብተር። ጊላንግ እስከ ሞተር ሳይክላቸው ተሸከመላቸው። በጠረጴዛዬ ሲያልፉ ስልክ እያወራሁ ነበር። በስልኩ ውስጥ ማንም አልነበረም።

ጃንዋሪ 8፣ ረቡዕ

ሰረዟንና ዜሮዋን ጨመርኩ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። በለውጡ መግለጫ ላይ "አነስተኛ ማስተካከያ" ብዬ ጻፍኩ። ሃርዮኖ በሁሉም ፊት ስለ ትጋቴ አመሰገነኝ።

ማስተካከያው ሦስት ሴኮንድ ነው የፈጀው። ቆጥሬዋለሁ፤ ለምን እንደቆጠርኩት አላውቅም።

ጃንዋሪ 14፣ ማክሰኞ

መለኪያውን ለማየት ታምባክ ዎሮ ሄድኩ። ሸረሪት የለም። ቦዩ ውስጥ የፓክ ስላመት እንጨት ተመልሶ ተተክሏል፤ ቀዩ ቀለም ገና ትኩስ ነው፣ በእጄ ነካሁትና ቀባኝ።

የቀርከሃ ቡቃያ በሊጥ ጠቅልላ፣ ጥቅል ጥብስ የምትሸጥ ሴት ጋ ተሰልፌ ሳለ ፊት ለፊቴ ሁለት ሴቶች ያወራሉ።

"ያቲን ገበያ አየኋት። አንገቷን ደፍታ።"

"ትድፋ! የገዛ እናቷን ዳሌ የሰበረች። ኮምፒዩተር ተማርኩ ብላ ስትኩራራ እንጨቱን አስነቀለችብን።"

"እሷ አይደለችም ያስነቀለችው።"

"ካስነቀሉት ጋር አብራ አይደል የሠራችው? አሁን ደግሞ ተባረረች አሉ። ምባህን ሰው 'ለምን አልወጡም?' ሲላቸው ምን ይላሉ መሰለሽ? 'ልጄ እየወረደ ነው ስላለችኝ' ነው የሚሉት። ያቲ እዚያው ቆማ እየሰማች!"

ሻጯ ጥቅሉን ሰጠችኝ። አንድ ጊዜ ነከስኩት፤ ቀርከሃ ቡቃያው ሽታው እንደ ቦዩ ሆነብኝ። ለድመት ወረወርኩላት። አሽትታ ትታው ሄደች።

እኔን ማንም አላወቀኝም። ያልተገለጠ ፊት ምን ያህል ቀላል ነገር ነው።

ጃንዋሪ 19፣ እሑድ

ብርቱካን ገዝቼ ቡ ያቲ ቤት ሄድኩ። ብርቱካን! የሰው ስም ወስዶ ፍሬ ይዞ የሚሄድ ሰው ምን ይባላል?

ግድግዳቸው ላይ ወገብ ድረስ የውሃው ጥቁር መስመር አለ፤ ቢፈገፍጉትም አለቀቀም። ምባህ ሱኪነም በጡብ ከፍ በተደረገ አልጋ ላይ ተኝተዋል። አንሰውብኛል።

"ማን ነው?" አሉ በደንቆሮ ድምፅ።

"የቢሮ ሰው ነው፣ እማዬ!"

"ምን አለ?"

"ብርቱካን አመጣ!"

"አዎ፣ ግን ምን አለ?"

ቡ ያቲ ጃስሚን ያለበት ሻይ በስኳር ሞልተው አቀረቡልኝና ፊት ለፊቴ ተቀመጡ። ሥራ እንዴት ነው፣ ጊላንግ እንዴት ነው፣ ጨጓራህስ አሉኝ። ጨጓራዬን ጠየቁኝ። ከዚያ ከመደርደሪያው ላይ አንዱን ደብተር አውርደው ገለጡ፤ ገጹን ሳይፈልጉ ነው ያገኙት።

"ማስ፣ አንድ ነገር አስረዳኝ። ከሦስት በታች ብለህ አጥረህ ነበር። የሦስት ቤታ እንዴት ገባ?"

የሻዩ ብርጭቆ እጄ ላይ ነበር። ሁለት መስመር መልስ ነው። ለሐኪም እንኳን የሚገባ አድርጌ እዚህ ደብተር ላይ ጽፌዋለሁ።

"ውስብስብ ነው፣ ቡ ያቲ" አልኩ።

"እሺ" አሉ፤ ደብተሩን ቀስ ብለው ዘጉት። "ሲቀልልህ ትነግረኛለህ።"

ከዚያ ብርቱካን ልጠው፣ ፍሬውን አውጥተው፣ ለእናታቸው አጎረሱ። እኔ ያመጣሁትን። ቤት ስደርስ እጄን ሦስት ጊዜ ታጠብኩ፤ የቦዩ ሽታ ነው ብዬ ነበር። ከቦዩ አይደለም። ራሴን አንገሸገሸኝ፣ ይኸው ጻፍኩት። ውስብስብ! አርባ ደቂቃ ያልፈጀብኝን ነገር ውስብስብ ነው አልኳቸው።

ጃንዋሪ 24፣ ዓርብ

ለሃርዮኖ ነገርኩት። አጥሩን ያጠርኩት እኔ እንደሆንኩ፣ ቡ ያቲ ጠይቀውኝ ሳላጣራ እንደመለስኩላቸው፣ ለሁሉም ይክፈቱት ያልኩትም እኔ እንደሆንኩ። ቃል በቃል አስታወስኩት፤ ለካ አልረሳሁትም ኖሯል።

ጥፍሩን በወረቀት መቁረጫ እያጸዳ ሰማኝ።

"ባስኮሮ፣ አንተ ጤና የለህም። ጨጓራህ ነው። ደብዳቤው ሄዷል፣ ማኅበሩም ረክቷል። አሁን ሌላ ደብዳቤ ብንጽፍ ሁለት ጊዜ ዋሸን ማለት ነው።"

"አንድ ጊዜ ዋሽተናል እኮ።"

"አንድ ጊዜ ስህተት ይባላል።"

"እኔ ልጻፈው፣ በስሜ።"

"ጻፍ። ግን ከዚህ ቤት ወጥተህ ጻፍ።"

መግቢያ ካርዴን ጠረጴዛው ላይ አኖርኩ። እንደ ጀግና አይደለም የወጣሁት፤ ደረጃውን የወረድኩት ግድግዳውን ይዤ ነው። ሻጋታው መዳፌ ላይ ቀረ።

ጃንዋሪ 26፣ እሑድ

ከቀትር በኋላ ሄድኩ። ዛሬ ብርቱካን አልያዝኩም። ቡ ያቲ በር ላይ ልብስ ይጨምቃሉ። ገና ሳልቀመጥ ከደብተራቸው ላይ አንድ ቅጠል ለመንኩና በእርሳስ መስመር አሰመርኩ። ከግራ 2.9፣ ከቀኝ 3፣ መካከላቸው የሦስት ቤታ። "ከሦስት በፊት ስለሚመጣ ከሦስት በታች ይቆጠራል። እርስዎ የጠየቁኝ ልክ ይህንን ነበር። መልሱን አላውቅም ነበር፤ እንደሚያውቅ ሆኜ ጮኽኩብዎት። ይለፍ ያልኩትም ሳላየው ነው" አልኩ።

ወረቀቱን አላዩትም።

"ዲሴምበር አሥራ ሰባት ቀን፣ እማዬ ቀዶ ጥገና ክፍል ሳሉ፣ በረንዳ ላይ ተቀምጬ በስልኬ አንብቤ ደርሼበታለሁ" አሉ።

"ታዲያ ደብዳቤውን ለምን ፈረሙ?"

"ቁልፉን የከፈትኩት እኔ ነኝ። እየወረደ ነው፣ አይሂዱ ያልኳትም እኔ ነኝ። የኔን ፈረምኩ። ያንተንም እኔ ልፈርምልህ?"

ምን ላድርግ አልኳቸው። የጨመቁትን ልብስ ገመዱ ላይ ዘረጉ።

"እኔ አውቃለሁ። የማያውቀው ሰፈሩ ነው።"

ፓክ ስላመትን መስጊዱ ደጃፍ ላይ አገኘኋቸው። በድምፅ ማጉያው እንዲያነቡልኝ የጻፍኩትን አንድ ገጽ ሰጠኋቸው። መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ወረቀቱን ከዓይናቸው ሥር አስጠግተው አነበቡ።

"ይኼ 3.0.0-ቤታ የምትለው ምንድን ነው? ይህን በድምፅ ማጉያ ብናገረው ሰው ወደብ ላይ መርከብ የጠፋ ነው የሚመስለው።" እርሳስ ከጆሯቸው ላይ አውርደው ይሰርዙ ጀመር። የማብራሪያዬን ሦስት አንቀጽ ሰረዙ። ይቅርታ የምትለዋን አልነኳትም። ከታች አንድ ዓረፍተ ነገር በእጃቸው ጨመሩ።

"ፓክ፣ ያን ቀን በእንጨቱ ስስቅ..."

"አይቼሃለሁ" አሉ። "ሂድ፣ ምባህ ቤት ሆነህ ስማው።"

የከሰዓት በኋላው ሶላት ሳይደርስ ድምፅ ማጉያው ተንኳኳ። እኔ ምባህ ሱኪነም አልጋ ግርጌ ቆሜአለሁ፤ ቡ ያቲ መስኮቱ ጋ። በሩ ክፍት ነው፣ ጎረቤት ሁሉ ከየደጁ ቀና ብሏል።

"ለታምባክ ዎሮ ነዋሪዎች። ዲሴምበር አሥራ ሦስት ማስጠንቀቂያው ያልጮኸው ባስኮሮ በሚባለው ሰው ስህተት ነው። ያቲ ጠይቃው ነበር። ሳያጣራ መለሰላት። ይቅርታ ይጠይቃል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስድስት ሳምንት ዝም ብሎ ነበር።"

የመጨረሻዋን የጨመሩት እሳቸው ናቸው። ሁለት ጊዜ አነበቡት። ከቦዩ ማዶ ያለችው ጥቅል ጥብስ ሻጭ እጇን አፏ ላይ ጭና ወደ ቤቱ ታያለች። ቡ ያቲ መስኮቱን አልዘጉትም፤ አላለቀሱምም። ቀጥ ብለው ቆመዋል።

"ምን አለ?" አሉ ምባህ። "ስላመት ምን አለ?"

ቡ ያቲ ዞረው እኔን አዩኝ፤ እንደ ዲሴምበር አሥራ ስድስቱ፣ ግን አሁን ዓይናቸውን ከእኔ ላይ አላነሡም።

ጎንበስ ብዬ አፌን ወደ ምባህ ጆሮ አስጠጋሁ። አንድ ጊዜ ተናገርኩ፣ አልሰሙም። ጮክ ብዬ ደገምኩት። ልጅዎ አይደሉም፣ እኔ ነኝ፤ ጠይቀውኝ ነበር፣ ዋሸኋቸው፤ የወደቁት በእኔ ነው። ድምፄ እስከ ቦዩ ማዶ ተሰማ።

ምባህ ሱኪነም ይረግሙኛል ብዬ ነበር፤ ቢረግሙኝ ይሻለኝ ነበር።

"እና አሁን" አሉ፣ "ውሃው እየወጣ ነው እየወረደ?"

ስልኬ ኪሴ ውስጥ ነበር። አላወጣሁትም። በደጁ ጭቃ በባዶ እግሬ ወርጄ ቦዩ ዳር ቆምኩና የእንጨቱን ቀይና ነጭ መስመር አየሁ። አንድ ነጭ ሲሸፈን እስካይ ድረስ ጠበቅኩ። ከዚያ ተመልሼ ጎንበስ አልኩ።

"እየወጣ ነው፣ ምባህ" አልኳቸው። ቡ ያቲ ቋጠሮውን ማሰር ጀምረው ነበር። ምባህን እኔ አዝዬ ወደ ጎረቤት ሰገነት አወጣኋቸው።